ጄምስ ዋትና የማዕድን ውሃ መሳቢያው መኪና

ማዕድን ፍለጋ ምድርን የሚቈፍሩ ሰዎች ከዐለቱ ጥንካሬ ይልቅ ያስጨንቃቸው የነበረው ከሥር የሚመነጨው ውሃ ነው። ውሃው ሌትና ቀን ስለማያርፍ የሚስበውም መኪና ማረፍ አይገባውም፤ መኪናው የቆመ እንደ ሆነ ጕድጓዱ ይጥለቀለቃል፥ ሠራተኛውም እንጀራውን ያጣል። ይሁን እንጂ ሳይቆም የሚሠራው መኪና ነዳጅን ያለ ልክ የሚበላ ከሆነ ባለንብረቱን ያከስረዋል። እነዚህን ሁለት ነገሮች፥ ነዳጅ መቈጠብንና ሳያቋርጡ መሥራትን፥ ለማስታረቅ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ጄምስ ዋት ነው።

ዋት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1736 ዓ.ም. ግሪኖክ በምትባል የስኮትላንድ ወደብ ተወለደ። በለንደን የመሣሪያ ሥራ ከተማረ በኋላ በ1757 ዓ.ም. በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ግቢ የትምህርት መሣሪያዎችን የሚሠራበትና የሚጠግንበት ክፍል ተሰጠው።

በዚያ ዘመን የማዕድን ውሃ የሚሳበው ቶማስ ኒውኮመን በ1712 ዓ.ም. በሥራ ላይ ባዋለው የእንፋሎት መኪና ነበር። ይህ መኪና ዘገምተኛ ቢሆንም ታማኝ ነበር። የድንጋይ ከሰል በሚወጣበት ስፍራ ነዳጁ ርካሽ ስለ ሆነ ብክነቱ ብዙ አላሳሰበም።

ከ1763 እስከ 1764 ዓ.ም. በነበረው የብርድ ወራት ለተማሪዎች ማሳያ የተሠራ የዚህ መኪና ትንሽ አምሳያ ለጥገና ወደ ዋት መጣ። ዋት ቢጠግነውም መኪናው ጥቂት ከተንቀሳቀሰ በኋላ እንፋሎቱ እያለቀ ይቆም ነበር። እርሱም ሥራዬን ፈጽሜአለሁ ብሎ አልተወውም፤ ምክንያቱን ለማወቅ መመዘንና መለካት ጀመረ። እንፋሎቱን ወደ ውሃ ለመመለስ በሲሊንደሩ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጭ ነበርና ፒስተኑ በወጣና በወረደ ቍጥር ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፤ እንደ ገና ለመጋልም ከእንፋሎቱ የሚበዛውን ያባክናል። በ1765 ዓ.ም. መፍትሔው ተገለጠለት፤ ይኸውም እንፋሎቱን በተለየ ዕቃ ማቀዝቀዝ፥ ሲሊንደሩን ግን ዘወትር ትኩስ አድርጎ መጠበቅ ነው።

ሐሳቡ ከተገኘ በኋላ ፍሬው እስኪታይ ዐሥራ አንድ ዓመት አለፈ። የኒውኮመን ፒስተን እንፋሎት እንዳያሾልክ የሚደፈነው በላዩ በሚፈስስ ውሃ ነበር፤ የዋት ሲሊንደር ግን መቀዝቀዝ ስለሌለበት ፒስተኑ በትክክል መግጠም ነበረበት። ትልቅ ሲሊንደርን ያለ ስሕተት አክብቦ የሚቦረቡር መሣሪያ ደግሞ ገና አልነበረም። ስለዚህ በ1769 ዓ.ም. በኪኒል የተሠራው የሙከራ መኪና የታሰበውን ያህል ሳይሠራ ቀረ። ዋት ቤተሰቡን ለመመገብ ቦይ የሚቈፈርበትን መሬት ይቀይስ ነበር፤ በ1773 ዓ.ም. በሰሜን ስኮትላንድ በዚህ ሥራ ላይ ሳለ ሚስቱ በወሊድ ሞተች። በዚያው ዓመት ወጪውን ይሸፍንለት የነበረው ጆን ሮበክ ከሰረ።

የሮበክን ድርሻ የወሰደው ማቲው ቦልተን ስለ ነበር በ1774 ዓ.ም. ዋት ወደ በርሚንግሃም ሄደ። በዚያው ዓመት ጆን ዊልኪንሰን መድፍን በትክክል የሚቦረቡር መኪና አወጣ፤ ይኸው ጥበብ ለሲሊንደርም ዋለ። በ1776 ዓ.ም. የዋት መኪናዎች ሥራ ጀመሩ።

ትልቁ ገበያ የተገኘው በኮርንዎል ነው። የመዳብና የቆርቆሮ ማዕድን ያለበት ይህ አገር የድንጋይ ከሰል ስለሌለው ነዳጁ በመርከብ ከዌልስ ይመጣለት ነበር። ቦልተንና ዋት የኪራያቸውን ልክ የወሰኑት ከኒውኮመን መኪና ጋር ተመዛዝኖ ከተቈጠበው ነዳጅ ዋጋ ሲሶውን በመቀበል ነው። መኪናው የሠራበትን ለማወቅም የምቱን ብዛት የሚመዘግብ የተቈለፈ መቍጠሪያ ተደረገለት። ነገር ግን የፒስተኑ ማሸጊያ ከላላ ቍጠባው ይጠፋልና ዋት ራሱ እየሄደ፥ በኋላም ዊሊያም መርዶክ እዚያው ተቀምጦ መኪናዎቹን ይከታተሉ ነበር። ኪራዩ የከበዳቸው የማዕድን ባለቤቶች አጕረመረሙ፤ ነገሩም እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ዋት የእንፋሎትን ግፊት እጅግ ከፍ ማድረግን ግን አልወደደም፤ ማፍያው ፈንድቶ ሰው ይገድላል ብሎ ይሠጋ ነበር። በ1803 ዓ.ም. በግሪንዊች የሪቻርድ ትሬቪትክ ማፍያ ፈንድቶ አራት ሰዎች በሞቱ ጊዜ ሥጋቱ ከንቱ እንዳልነበረ ታየ። ሆኖም ማፍያው እየጠነከረ ጥበቃውም እየተሻሻለ ሲሄድ ከፍተኛ ግፊት ያላቸው የኮርንዎል መኪናዎች በቍጠባ ከዋት መኪና በለጡ።

የዋት የብቸኝነት መብት በ1800 ዓ.ም. ሲያበቃ ተቈጣጣሪዎቹ ከኮርንዎል ወጡ፤ ጥገናው ስለ ላላም የመኪናዎቹ ውጤት አሽቈለቈለ። ከ1811 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱ መኪና በአንድ መጠን ከሰል ያወጣው ውሃ በየወሩ እየተለካ ሲታተም ግን መሐንዲሶቹ በመልካም ሥራ ተፎካከሩ፥ ውጤቱም እንደ ገና ከፍ አለ።

ዋት በ1819 ዓ.ም. በሰማንያ ሦስት ዓመቱ ዐረፈ። ስሙ የኃይል መለኪያ ሆኖ ዛሬ በፋብሪካ ፓምፖች ሞተር ላይ ተጽፎ ይነበባል። ለተማሪዎች ማሳያ ከተሠራ አንድ ትንሽ መኪና የተነሣው ይህ ሥራ የሚያስተምረው፥ በብልሃት የተገኘ ቍጠባ በየቀኑ ካልተለካና ካልተጠበቀ የማይዘልቅ መሆኑን ነው።