የእንዶዱ ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ

በዚህ እትም የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ዓምድ ተራው የእኔ ነው። የክበባችን ኃላፊ መምህር የሰጡን ርዕስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በሙያቸው ትልቅ ሥራ ስለሠሩና ስለተሸለሙ ሰዎች ነው። ጓደኞቼ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ፓይለት ምናምን እየመረጡ ሲሻሙ እኔ ዝም ብዬ ቆየሁ። በኋላ የመረጥኳቸውን ሰው ስም ስናገር ከክበቡ አባላት ግማሾቹ አያውቋቸውም ነበር። ሥራቸው የተጀመረበትን ነገር ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እንዶድ ነው። አዎ፣ ያ ጋቢ የሚታጠብበት እንዶድ!

ሌላ ጊዜ የሰው ታሪክ ስንጽፍ ከትውልድ ቦታ ነው የምንጀምረው። እኔ ግን ከእኛ ወንዝ እጀምራለሁ። ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

አምና ታናሽ ወንድሜ ሆዱን ያመው ጀመር። ፊቱ ገረጣ፣ መሮጥ ተወ፣ ምግብም አስጠላው። ሰገራው ላይ ደም እያየ አፍሮ ለማንም ሳይናገር ከረመ። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ሲመረመር ቢልሃርዚያ ተገኘበት። ኪኒን ተሰጥቶት ደህና ሆነ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ውስጤ አልተረጋጋም። ምክንያቱም በሽታው የሚይዘው ከወንዝ ውሃ መሆኑን ነርሷ አስረድታን ነበር፣ ወንድሜን ደግሞ ከትምህርት በኋላ እየያዝኩ ለዋና የምወስደው እኔው ነበርኩ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ይኸው ዛሬ ጻፍኩት።

ስለ በሽታው የበለጠ ለማወቅ የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅኳቸው። እንዲህ ነው የሚሆነው። በሽታው ያለበት ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ ወይም ሽንቱን ሲሸና የትሉ እንቁላል ውሃ ውስጥ ይገባል። እንቁላሉ ይፈለፈልና አንድ ዓይነት የውሃ ቀንድ አውጣ ይፈልጋል። ቀንድ አውጣው ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ከሳምንታት በኋላም በሺዎች ሆኖ ወደ ውሃው ይወጣል። ከዚያ ሰው ሲዋኝ፣ ልብስ ሲያጥብ ወይም ውሃ ሲሻገር ቆዳውን በስቶ ይገባል። ሲገባ ምንም አያሳምም፤ አይታይምም። በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን የሚያጠቃ በሽታ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቀንድ አውጣው ከሌለ ትሉ መራቢያ የለውም ማለት ነው። የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ የሚጀምረውም ከዚህች ቀንድ አውጣ ነው። (ከዚህ በታች ያሉትን ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

ዶክተር አክሊሉ አሜሪካን አገር ሄደው ተምረዋል። በ1964 ባልቲሞር ከተማ ካለው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያዙ። በዚያው ዓመት አገራቸው ውስጥ የቢልሃርዚያን በሽታ እያጠኑ ወደ አድዋ ሄዱ። ሥራቸው ወንዝ ለወንዝ እየዞሩ በሽታውን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች መፈለግ ነበር። ዶክተር ሆኖ ጭቃ ውስጥ ቀንድ አውጣ መልቀም ለአንዳንዶቻችን የሚያሳፍር ሊመስለን ይችላል። እሳቸው ግን ሥራዬ ብለው ያዙት።

አንድ ቀን ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ቦታ ደረሱ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በሳሙና ሳይሆን በእንዶድ ነበር። የእንዶድን ፍሬ አድርቆ መውቀጥና በውሃ መበጥበጥ ነው፤ ከዚያ ነጭ አረፋ ይሆናል። ዶክተር አክሊሉ ከአጣቢዎቹ በታች ባለው ውሃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ሲንሳፈፉ አዩ። ከአጣቢዎቹ በላይ ባለው ውሃ ደግሞ ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት አሉ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ያን ውሃ ስንት ሰው አይቶ አልፏል? እሳቸው ግን አላለፉም። በሕይወት ያሉትን ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ሰበሰቡና ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ትንሽ እንድትጨምርበት ጠየቋት። ጨመረችላቸው። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

የመጀመሪያው ሙከራ ይኸው ነው፤ ወንዝ ዳር፣ በአንድ ዕቃ፣ ከአንዲት ልብስ አጣቢ ጋር። ከዚያ በኋላ ፍሬውን ወደ ቤተ ሙከራ ወስደው አድርቀውና ፈጭተው በተለያየ መጠን እየበጠበጡ ሞከሩት። በብዙ ውሃ ቀጥኖ እንኳን ቀንድ አውጣን ይገድላል። ከገደለ በኋላ ደግሞ ቶሎ ፈርሶ ይጠፋል እንጂ ውሃው ውስጥ ለረጅም ጊዜ አይቆይም። በዚያን ጊዜ ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ የሚሸጠው ኬሚካል ከውጭ የሚመጣና ዋጋው የማይቀመስ ነበር። እንዶድ ግን እኛ አጥር ላይ ይበቅላል!

ዶክተር አክሊሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ማለትም በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ፓቶባዮሎጂ ስለ በሽታና ስለ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን የሚያጠና የትምህርት ዘርፍ ነው። ከዚያ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ያን ሁሉ ወደጀመሩበት ወደ አድዋ ተመለሱ። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ ለአምስት ዓመት የከተማዋን ወንዞች በእንዶድ እያከሙ ሕዝቡን መረመሩ። ውጤቱን በቁጥር ልንገራችሁ። ሥራው ሲጀመር ከ100 ሰው 63ቱ በሽታው ነበረበት፤ ሲያልቅ 34 ሆነ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ካሉ ሕፃናት ደግሞ ከ100ው 50 የነበረው ወደ 7 ወረደ። ይህን ቁጥር ሳነብ ወንድሜን አሰብኩት። ከ50 ወደ 7 ማለት ከየ100ው 43 ልጅ ከበሽታው ተረፈ ማለት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ እኔ ግን ሦስቴ ሠራሁት።

አሁን ሁሉም ሰው አጨበጨበላቸው ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። እኔም እንደዛ መስሎኝ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ከእንዶድ ፍሬ ውስጥ ቀንድ አውጣ የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡትና በዶክተር አክሊሉ የአባት ስም ለማቶክሲን አሉት። እንደዚያም ሆኖ ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች እንዶድን ቶሎ አልተቀበሉትም። ለሰውና ለከብት ጉዳት የለውም ለማለት የተሠራው ምርመራ በእነሱ ደንብ ተሟልቶ የተሠራ አልነበረም፤ እንደ ደንቡ ለመሥራት ደግሞ ብዙ ገንዘብና ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል። አፍሪካ ውስጥ ያ ሁሉ ከየት ይመጣል? ዶክተር አክሊሉ አፍሪካዊ ሳይንቲስት አገሩ ላይ የሠራው ምርምር አለመታመኑ በጣም ይቆረቁራቸው ነበር፤ ስለዚህም በየስብሰባው ሳይታክቱ ተከራክረዋል። በመጨረሻ ምርመራው በካናዳ እርዳታ እንደ ደንቡ ተሠራ። ይህ ሁሉ ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ።

በዚህ መሀል ብቻቸውን አልነበሩም። የእርሻ ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከአገራችን ልዩ ልዩ ቦታዎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው እያነጻጸሩ ተከሉ። ከሁሉም ብዙ ፍሬ የሚሰጠውንና ተባይ የማይደፍረውን መረጡ፤ እሱም 44 ቁጥር የሚባለው ነው። ዶክተር አክሊሉ ደግሞ ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ሠርተዋል። ጣሊያን አገር ፍሎረንስ ከተማ በነበረው የዩኒሴፍ የሕፃናት ማዕከልም አገልግለዋል። የትም ይሁኑ የት እንዶድን ግን አልተዉም።

አሁን ወደ ሽልማቱ ልምጣ፣ ርዕሱም እሱ ነውና። በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ ስዊድን ውስጥ የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለ ሽልማት አብረው ተቀበሉ። ይህን ሽልማት ብዙ ሰው አማራጭ ኖቤል ይለዋል። የሰው ልጅን ችግር የሚፈታ ሥራ ለሠሩ ሰዎች የሚሰጥ ነው። አድዋ ወንዝ ዳር ከቆሙበት ቀን ጀምሮ ስንቆጥር 25 ዓመት ሆኗል። እኔ ከተወለድኩበት ዓመት በእጥፍ ማለት ይቻላል!

ቀጥሎ በ1990 አሜሪካን አገር ኦሃዮ ውስጥ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። እዚያ አካባቢ ታላላቅ ሐይቆች አሉ። በሐይቆቹ ውስጥ እንደ ሜዳ አህያ ዝንጉርጉር ቅርፊት ያላት ትንሽ የውሃ ፍጥረት ተራብታ የውሃ ቧንቧዎችን እየደፈነች አስቸግራ ነበር። እንዶድ ሲሞከርባት እሷንም ገደላት። የዚህ ግኝት የባለቤትነት መብት የተመዘገበው ግን በአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ስም ነው። በዚህ የተነሳ በዓለም ላይ ትልቅ ክርክር ተነሳ። እንዶድን ለዘመናት ሲጠቀሙበት የኖሩት ገበሬዎችና እናቶች ድርሻ የት አለ የሚል ክርክር ነው። እኔ የሕግ ነገር አይገባኝም፣ ግን ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ይመስለኛል። ያቺ አድዋ ወንዝ ውስጥ አረፋውን የጨመረችው ሴት ስሟ በየትኛውም ሽልማት ላይ የለም።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ሚያዝያ 5 ቀን 1997 አረፉ። እኛ ያኔ ገና አልተወለድንም። ዛሬ ቢልሃርዚያን ለመከላከል በብዛት የምንጠቀመው በትምህርት ቤት የሚታደለንን ኪኒን ነው፤ እንዶድ እሳቸው እንደተመኙት በዓለም ወንዞች ሁሉ አልተዳረሰም። የመሠረቱት ኢንስቲትዩት ግን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ። በስማቸው ተጠርቷል፤ ተማሪዎችም እየገቡበት ይመረቁበታል።

ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት ማታ ለአያቴ አነበብኩላት። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ጋቢዋን እስከ ዛሬ በእንዶድ ነው የምታጥበው፣ እኔ ደግሞ ልዋሽ አልችልም፣ ጓደኞቼ ቤት ሲመጡ ያ ሙቀጫ ውስጥ ያለው እንዶድ ያሳፍረኝ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ምንም አልገረማትም። እንዶድ የታጠበበት ውሃ ውስጥ አልቅት እንደማይኖር ከልጅነቷ ጀምራ እንደምታውቅ ነገረችኝ። ለምን እስከ ዛሬ እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት ጠይቄያት እንደማላውቅ አስታወሰችኝ። አፈርኩ። ዶክተር አክሊሉ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጡ መጀመሪያ የሠሩት ሥራ እኮ ልብስ አጣቢዋን መጠየቅ ነበር። እኔ ሰባተኛ ክፍል ሆኜ አያቴን መጠየቅ ከብዶኛል ማለት ነው።

ጓደኞቼ፣ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛው፣ ማንም ተነስቶ እንዶድ ወንዝ ውስጥ እንዳይጨምር። ዓሣም ይገድላል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ መዋጥም አደገኛ ነው። መጠኑን የሚያውቀው ባለሙያ ነው። የእኛ ሥራ ወንዝ ዳር አለመጸዳዳት፣ በቆመ ወይም ቀስ ብሎ በሚፈስ ውሃ ውስጥ አለመዋኘት፣ ኪኒኑ ሲታደል ሳይሸሹ መውሰድ ነው። ሰገራው ወይም ሽንቱ ላይ ደም ያየ ልጅ ደግሞ እንደ ወንድሜ አፍሮ እንዳይደብቅ፤ ለእናቱ፣ ለአባቱ ወይም ለመምህሩ ይንገር።

ሁለተኛው፣ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችሁ ቤታችሁ ካሉ ትልልቅ ሰዎች አንድ ነገር ጠይቃችሁ ኑ። ስለ ዕፅዋት፣ ስለ ከብት፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ፈለጋችሁት ይሁን። በወረቀት ጽፋችሁ ከነገራችሁ ሰው ስም ጋር የክበባችን ሣጥን ውስጥ ጨምሩት። ለሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። የነገራችሁን ሰው ስም መጻፍ እንዳትረሱ፤ እኔ የመጀመሪያውን ወረቀት የአያቴን ስም ጽፌ ጨምሬያለሁ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!

ከ7ኛ ለ ክፍል ተማሪ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል