የጎዳና ጠራጊዎቹ ኮሎኔል

ስለ ከተማ ቆሻሻ ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናስበው ስለ ገንዘብና ስለ መኪና ነው። ሀብታም አገር ይጸዳል፣ ድሃ አገር ይቆሽሻል ብለን እናልፈዋለን። ዛሬ የሕይወት ታሪካቸውን ባጭሩ የምናቀርብላችሁ ሰው ግን ጉዳዩ ከሁሉ በፊት የአስተዳደር ጉዳይ መሆኑን በሥራቸው ያሳዩ ናቸው። እኚህ ሰው አሜሪካዊው መሐንዲስ ኮሎኔል ጆርጅ ዋሪንግ ናቸው።

ዋሪንግ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1833 በኒውዮርክ ግዛት ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በወጣትነታቸው የእርሻ ትምህርት ቀስመው፣ በ1857 የኒውዮርክን ሴንትራል ፓርክ ረግረጋማ መሬት የማጠንፈፍ ኃላፊነት ተሰጣቸው። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ ከሰሜኑ ጦር ጋር ዘመቱ፤ አራተኛውን የሚዙሪ ፈረሰኛ ሬጅመንት በኮሎኔልነት መሩ። ማዕረጉም እስከ ዕለተ ሞታቸው ከስማቸው ሳይለይ ኖረ።

ከጦርነቱ በኋላ ስማቸውን ያስጠራው የሜምፊስ ከተማ ጉዳይ ነው። በ1878 እዚያ የገባው ቢጫ ወባ ከ5,000 በላይ ሰው ፈጀ። ከተማዋም ከስራ በማግስቱ ዓመት የከተማነት መብቷን አጣች። ዋሪንግ የዝናቡን ውሃ ትተው የቤት ፍሳሽ ብቻ የሚወስድ ቀጭን ቱቦ ዘረጉላት። ርካሽ በመሆኑ የከሰረችው ከተማ አቅም ቻለው።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1895 ነው። የኒውዮርክ ጎዳና በፈረስ ፋንድያ፣ በአመድና በምግብ ትራፊ ከመሞላቱ የተነሳ እግረኛ መተላለፊያ ያጣ ነበር። የሞተ ፈረስ ሳይቀር መንገድ ላይ ተጋድሞ ይሰነብታል። ታዲያ ከተማው በጀት አልነበረውም? ነበረው። ነገር ግን የጽዳት መሥሪያ ቤቱ፣ ታማኒ ሆል የሚባለው የፖለቲካ ቡድን ለደጋፊዎቹ እንጀራ የሚያድልበት ጓዳ ሆኖ ነበር። መጥረጊያ የሚይዘው ሰው የሚቀጠረው በሠፈሩ የፓርቲ አለቃ ምልጃ ነው። በ1894 ምርጫ ታማኒ ሆል ተሸንፎ ዊሊያም ስትሮንግ ከንቲባ ሲሆኑ፣ የጽዳቱን ሹመት መጀመሪያ ያቀረቡት በኋላ ፕሬዚዳንት ለሆኑት ለቴዎዶር ሩዝቬልት ነበር። እርሳቸው አልፈልግም ቢሉ ሹመቱ ለዋሪንግ ደረሰ።

ኮሎኔሉ ሥራውን የተረከቡት የፖለቲከኞች እጅ እንዳይገባበት አስቀድመው ተስማምተው ነው። የሚሠራ ሠራተኛ የቀድሞው ቡድን ሰው ቢሆንም ከቦታው አልተነሳም፤ የማይሠራው ተሰናበተ። ጠራጊዎቹን ነጭ የደንብ ልብስ አለበሷቸው። ሕዝቡ መጀመሪያ ሳቀባቸው፤ በ1896 በሰልፍ ሲያልፉ ግን አጨበጨበላቸው። በደል የደረሰባቸው እንደሆነም፣ የመረጧቸው ወኪሎች ከአለቆቻቸው ጋር እኩል ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ሸንጎ ተቋቋመላቸው።

ነዋሪውም አመዱን፣ የምግብ ትራፊውንና ደረቁን ቆሻሻ ለየብቻ እንዲያስቀምጥ ታዘዘ። ከምግብ ትራፊው ቅባትና ማዳበሪያ ወጣ፤ አመዱ ለመሬት መሙያ ዋለ፤ ከደረቁም የሚሸጠው እየተለቀመ ተሸጠ። ዛሬ በጀርመንም ሆነ በስዊድን የምንኖር ወገኖች ቆሻሻ ለይተን የምንጥልበት ደንብ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሐሳብ መሆኑን ልብ ይሏል።

በ1897 ምርጫ ታማኒ ሆል ተመልሶ አሸነፈ፤ ዋሪንግም በ1898 መባቻ ቦታቸውን ለቀቁ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት የሃቫናን ንጽሕና እንዲያጠኑ ወደ ኩባ ላካቸው። እዚያም ቢጫ ወባ ያዛቸውና ኒውዮርክ እንደተመለሱ ኦክቶበር 29 ቀን አረፉ። በሽታ የሚመጣው ከቆሻሻ በሚነሳ መጥፎ አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር። በዚህ ተሳስተዋል፤ ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗ በ1900 እዚያው ኩባ ተረጋገጠ። ጎዳናው ግን በእርግጥ ጸድቶ ነበር፤ ያጸዱትም ሰዎች ተከብረው ነበር።

ይህን ታሪክ ስናነሳ አገር ቤትን ማሰባችን አልቀረም። አዲስ አበባ ረጲ፣ ቆሼ በሚባለው ሥፍራ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የተከመረው ቆሻሻ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ጣቢያ በብድርም በዕርዳታም ይተከላል። ቆሻሻውን ከየደጁ የሚያነሳው፣ ከክምሩም ለቅሞ የሚያድረው ሰው ግን ለሥራው ክብርና ዋስትና የሚያገኘው መቼ ነው? ከንቲባ በተለወጠ ቁጥር የማይለወጥ ሥርዓትስ ማን ይተክልለታል? ኒውዮርክ ጥያቄውን ለሦስት ዓመት መልሳ፣ በአንድ ምርጫ መልሱን ከእጇ አወጣችው። የእኛ ግን ገና አልተመለሰም።