ላግራንዥና ሦስተኛው አካል

ጆሴፍ ሉዊ ላግራንዥ እ.ኤ.አ. በ1736 በኢጣሊያ ቶሪኖ ከተማ ተወለደ። (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ የሰርዲኒያ ንጉሥ የግምጃ ቤት ሹም የነበረ ባለጸጋ ቢሆንም፣ አብዛኛውን ንብረቱን ባልተሳካ ንግድ አጠፋው። ልጁ ግን በኪሣራው አልተቆጨም፤ ሀብት ወርሶ ቢሆን ኖሮ ወደ ሒሳብ ባልዞረ ነበር ብሎ ያምን ነበር። በ19 ዓመቱ በቶሪኖ የመድፈኞች ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። በ1766 ኦይለር በርሊንን ለቆ ወደ ሩሲያ ሲመለስ፣ በፕሩሲያ ንጉሥ በፍሬድሪክ ጥሪ በእርሱ ቦታ ተተክቶ ሃያ ዓመት ያህል በዚያ ሠራ።

በስበት የሚሳሳቡ የሁለት አካላትን ጉዞ ማስላት ከኒውተን ጀምሮ ይቻላል። ሦስተኛ ሲጨመር ግን ስሌቱ እጅግ ይወሳሰባል። ላግራንዥ በ1772 ባቀረበው ጥናት አንድ ልዩ ሁኔታ አገኘ፤ ሦስቱ አካላት ጎኖቹ እኩል በሆኑ ትሪያንግል ማዕዘኖች ላይ ከዋሉ፣ ቅርጻቸውን ሳይለቁ አብረው ሊዞሩ ይችላሉ። ፀሐይ በአንዱ ማዕዘን፣ ጁፒተር በሌላው ቢሆኑ፣ ሦስተኛው ትንሽ አካል በዚያው በጁፒተር ምሕዋር ላይ 60 ዲግሪ ቀድሞ ወይም ተከትሎ ይጓዛል ማለት ነው። ጥናቱ ከኦይለር ጋር የፓሪስን አካዳሚ ሽልማት አስገኘለት። እርሱ ራሱ ግን ነገሩን ከወረቀት ያለፈ፣ በሰማይ ላይ የሚታይ አድርጎ አልገመተውም።

በ1783 ሚስቱ ሞተች። በ1787 ወደ ፓሪስ ተዛወረ፤ በማግሥቱ ዓመት ታላቁ የሜካኒክስ መጽሐፉ፣ አንድም ሥዕል የሌለበት፣ ታተመ። ደራሲው ግን መንፈሱ ደክሞ ስለነበር መጽሐፉን ሁለት ዓመት ሳይገልጠው ኖረ ይባላል። በ1793 የውጭ አገር ሰዎች እንዲታሰሩ በታዘዘ ጊዜ፣ የኬሚስትሪው ሊቅ ላቯዚዬ አማልዶ ከእስር አስቀረው። በሚቀጥለው ዓመት በግንቦት ላቯዚዬ ራሱ አንገቱን ተቀላ። የዳነው ሰው የሜትር ሥርዓትን ካዋቀሩት አንዱ ሆኖ፣ በፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤትም እያስተማረ ቆይቶ በ1813 በፓሪስ ሞተ።

ሦስተኛው አካል የተገኘው በ1906 ነው። በሃይደልበርግ ማክስ ቮልፍ ሰማዩን ፎቶግራፍ ሲያነሣ አኪሌስ የተባለውን አስትሮይድ አገኘ፤ ስዊድናዊው ሻርሊየም አስትሮይዱ ከጁፒተር ፊት ባለው የላግራንዥ ማዕዘን አካባቢ እንደሚጓዝ አመለከተ። በዚያው ዓመት ከጁፒተር ኋላ ፓትሮክሎስ ተገኘ። ስማቸው ከትሮይ ጦርነት ጀግኖች የተወሰደ ነው፤ በኋላ ግሪኮቹ ከፊት፣ ትሮያውያን ከኋላ እንዲሆኑ ሲወሰን፣ አስቀድሞ የተሰየመው ግሪካዊው ፓትሮክሎስ በጠላት ሰፈር ቀረ።

ሚዛኑ የሚጸናው ትልቁ አካል ከሁለተኛው ቢያንስ 25 ጊዜ ያህል ሲከብድ ነው፤ ፀሐይ ጁፒተርን ከ1,000 ጊዜ በላይ ትበልጠዋለች። እስካሁን የታወቁት የጁፒተር ትሮያውያን ከአሥር ሺህ በላይ ናቸው። ሉሲ የተባለችው መንኮራኩርም በ1974 በሐዳር በተገኘችው ቅሪተ አካል ስም ተሰይማ በጥቅምት 2021 ወደ እነርሱ ተልካለች።