እቴጌ ጣይቱና ቦታ የመምረጥ ሙያ

የመጽሔቱ አዘጋጆች ለዘንድሮው መገናኛችን ስለ አንዲት ፋና ወጊ ሴት የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ጻፊ ሲሉኝ ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። እሺ ያልኩት ስለ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ልጽፍ ከሆነ ብቻ ነው። ኮሚቴው ትንሽ አንገራገረ፤ እሳቸው ፕላን አልነደፉ፣ ማኅተም የላቸው፣ ምኑን አርክቴክት ሆኑ ተባለ። ልክ ነው። ግን በሙያችን ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ስዕሉ ሳይሆን ቦታውን መምረጡ መሆኑን እናንተም ታውቁታላችሁ።

እኔ የአረርቲ ልጅ ነኝ። ኮሌጅ የገባሁ ጊዜ በሞጆ በኩል፣ የምንጃር ጤፍ ከላዩ በተጫነ አውቶቡስ ነበር የመጣሁት። አያቴ ስትሸኘኝ ወደ ጣይቱ አገር እንደምሄድ ነግራ መረቀችኝ። የምኒልክ ከተማ አላለችም። ለምን እንዳላለች ያኔ አልጠየቅኳትም። ትምህርቱን ከጨረስኩ በኋላ ሳስበው የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስለ ከተማ አመሠራረት ስንማር የሮማን የጦር ሰፈርና የፓሪስን ጎዳና በቃል አውቀናል፣ የራሳችንን ከተማ የቆረቆሩት ሴት ግን በአንድም ፈተና አልመጡም።

እቴጌ ጣይቱ የራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። ትውልዳቸው ከሰሜን ገዢዎች ነው፤ ደጃዝማች ውቤ አጎታቸው ነበሩ። ውቤ ደረስጌ ላይ በ1847 ዓ.ም. በካሣ፣ በኋላ በአጼ ቴዎድሮስ፣ ድል ሲሆኑ የቤተሰቡ ሥልጣን አብሮ ወደቀ። ጣይቱ ያደጉት እንግዲህ ከወደቀ ቤት ውስጥ ነው። ማንበብና መጻፍ ተማሩ፣ ግዕዝ አወቁ፣ በገና ደረደሩ፤ በዘመኑ ለሴት ልጅ ይህ ተራ ነገር አልነበረም። ከንጉሥ ምኒልክ በፊት ሌላ ትዳር አይተዋል። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ፣ አንኮበር መድኃኔ ዓለም፣ ከምኒልክ ጋር በቁርባን ተጋቡ። እኛ የሰሜን ሸዋ ሰዎች ይህቺን ሳናነሳ አናልፍም፤ የአዲስ አበባ ታሪክ የሚጀምረው ከእኛ ተራራ ላይ ነው እያልን ጉራችንን እንነዛለን።

ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ተነሥቶ እንጦጦ ላይ ሰፈረ። እንጦጦ ለጠላት የማይመች፣ አራቱንም አቅጣጫ የሚያሳይ ቦታ ነው። ለመኖር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ነፋሱ አጥንት ይሰብራል፣ ውኃ ከታች ይቀዳል፣ ማገዶው ደግሞ ሠራዊቱ ከሰፈረ በኋላ በጥቂት ዓመት አለቀ። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ሐረር ሲዘምቱ ጣይቱ ወደ ፍልውሃው ወርደው ነበር። ወደ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ማለት ማለት ነው፤ አየሩ ይሞቃል፣ የሚፈላው ውኃ ከመሬት ይወጣል፣ ሜዳው ለድንኳን ይመቻል። እዚያ ቤት አሠሩ። ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱ አንድ በአንድ ተከተሏቸው፣ ግቢው ወረደ፣ ከተማው እዚያው ቀረ። ተራራውን የመረጠው የጦር ዓይን ነበር፤ ሜዳውን የመረጠው ግን ቤት የሚያስተዳድር፣ ውኃ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ የሚቆጥር ዓይን ነው። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ያልተስማማ በመገናኛው ዕለት ይሞግተኝ።

ቦታው ግን ባዶ አልነበረም። ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ ጉለሌ፣ ኤካና ገላን የሚባሉት የኦሮሞ ጎሳዎች በአካባቢው ይኖሩ፣ ከብታቸውን ያጠጡ ነበር። መሬቱ ለመኳንንቱ ሲከፋፈል የእነሱ ይዞታ ነው የተከፋፈለው። ስለ ጣይቱ ምርጫ በአድናቆት የሚጽፍ ሰው ይህን ቢዘለል ግማሹን ቦታ ሳይለካ ፕላን እንዳወጣ ይቆጠራል። እኔም ወጣት ሳለሁ ዘልዬዋለሁ።

ከተማው በጦር ሰፈር ሥርዓት አደገ። ግቢው መሐል፣ እያንዳንዱ መኮንን ከነሎሌው በየኮረብታው፣ በመካከሉ ገደልና ወንዝ። ራስ መኰንን ሰፈር፣ ውቤ በረሃ፣ ሠራተኛ ሰፈር የምንላቸው ስሞች የዚያ ዘመን ትርፍ ናቸው። ማገዶ ግን እዚህም ማለቅ ጀመረ። ምኒልክ በ1890ዎቹ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ግንባታ ጀምረው ነበር። ያዳነን ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ አደገና ከተማው ሳይነቀል ቀረ። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ዓድዋን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላራዝምም። አንድ ነገር ብቻ፦ መቀሌ ላይ ጣሊያን በመሸገበት ጊዜ ምሽጉን በመድፍ ከመደብደብ ይልቅ የውኃውን ምንጭ መያዝ የጣይቱ ሐሳብ ነበር፤ የያዙትም የእሳቸው ወታደሮች ናቸው። ፍልውሃን ያየው ዓይን እዚያም ሠርቷል።

ወደ ሆቴሉ ልምጣ። ፒያሳ ያለው ጣይቱ ሆቴል የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል ነው። ከተማው የውጭ ሰው ሲበዛበት ማደሪያና መመገቢያ የሚሆን ቤት ያስፈልግ ነበር፤ እቴጌይቱ አሠሩት። ምግብ በገንዘብ መሸጥ ያኔ ነውር ነበርና ሰው እንዲለምደው ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው በልተው ከፍለዋል እየተባለ ይነገራል። ሰፊ በረንዳ፣ የእንጨት ደረጃ፣ ረጃጅም መስኮት። ተማሪ ሳለን ስንት ቀን እዚያ በረንዳ ላይ አንድ ማኪያቶ ለሦስት ተካፍለን መስኮቱን ስንስል ዋልን! ጥር 2007 ዓ.ም. ሲቃጠል ሄጄ አየሁ። ጣሪያው ወድቆ፣ ውኃና አመድ ተደባልቆ፣ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ያለቅስ ነበር። በኋላ ታደሰ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ደግሞ ከድሮ ጓደኞቼ በስልክ የተጠየቅኩት የመጀመሪያ ጥያቄ ሆቴሉ ቆሟል ወይ የሚል ነበር።

የምኒልክ ሕመም ሲጠና ጣይቱ አገሩን በእጃቸው ያዙ፣ ሹመት ሰጡ፣ ሻሩ። ይህ ብዙ ጠላት አፈራባቸው፤ ወገናቸውን አብዝተው መሾማቸውም እውነት ነው። መጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከሥልጣን አወረዷቸውና ታማሚውን ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ተደረገ። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ከግቢው ወጥተው ወደ እንጦጦ ተላኩ። ትተውት ወደወረዱት ብርድ ተመልሰው፣ በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ኖረው፣ የካቲት 1910 ዓ.ም. አረፉ። ዘውድ የጫኑት ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት እዚያችው ደብር ውስጥ ነበር። ዛሬ ያረፉት በዓታ፣ ከባላቸው ጎን ነው።

አምና ተማሪዎች ይዤ የእንጦጦውን ግቢ ልናስለካ ወጥተን ነበር። ሣር ክዳኑን፣ ነጩን ግድግዳ፣ የእንጨት በረንዳውን ለኩ። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ልጅ ሜትሩን ጥላ ከበረንዳው ጫፍ ላይ ቆመች፤ ከተማው ከታች በጭጋግ ውስጥ ይታያል። ፍልውሃ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀችኝ። በጣቴ አሳየኋትና ወደ ልኬቷ ተመለሰች።