ጆሴፍ ሄንሪ፤ የኮይልን ጠባይ የገለጠው መምህር

ጆሴፍ ሄንሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1797 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በኒውዮርክ ግዛት፣ በኦልባኒ ከተማ ተወለደ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ወላጆቹ ድኾች ነበሩ፤ አባቱም የቀን ሠራተኛ ሲሆን ልጁ ሳያድግ ሞተ። ስለዚህ ሄንሪ በልጅነቱ በሱቅ ተቀጥሮ ሠራ፤ ቀጥሎም ከአንድ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ገብቶ ሙያ ተማረ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው አንድ የሣይንስ መጽሐፍ እጁ ገባና ልቡ ወደ ትምህርት አዘነበለ። በ1819 ዓ.ም. ኦልባኒ አካዳሚ የተባለው ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ ተቀበለው፤ በ1826 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ትምህርት ቤት የሒሳብና የተፈጥሮ ሣይንስ መምህር ሆነ።

የማስተማር ሥራው ብዙ ስለ ነበረ ለምርምር የሚበቃ ጊዜ የሚያገኘው ይልቁንም ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ነበር። ሽቦን በሐር እየሸፈነ በብረት ላይ ደጋግሞ በመጠምጠም ብርቱ ኤሌክትሮማግኔት ሠራ። በ1831 ዓ.ም. ለዬል ኮሌጅ የሠራው ከ900 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ሸክም አነሣ። በዚያው ዘመን ኤሌክትሪክን ከአንድ ማይል በሚበልጥ ሽቦ ልኮ በሌላው ጫፍ ያለውን ደወል አስደወለ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ቴሌግራፍም የሚሠራው በኤሌክትሮማግኔት ነበር።

እኛን ይበልጥ የሚነካን ግን በ1832 ዓ.ም. ያሳተመው ግኝት ነው። በረጅም ጥቅል ሽቦ፣ ማለትም በኮይል፣ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቋረጥ ብርቱ ብልጭታ እንደሚወጣ አስተዋለ። የኮይሉ ማግኔት ሲጠፋ ራሱ ኤሌክትሪክ ይወልዳል፤ ቮልቴጁም ከባትሪው እጅግ ሊበልጥ ይችላል።

የዚህን ቁም ነገር ለመረዳት ፒንቦል የሚባለውን የቆየ መጫወቻ እንመልከት። በውስጡ ያለው ኮይል የብረት ዘንግ ስቦ ኳሷን ያስመታል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በተሠሩት ብዙዎቹ ኮይሉን የሚያበራና የሚያጠፋው ትራንዚስተር ነው። ትራንዚስተሩ ኤሌክትሪኩን ሲያቋርጥ ሄንሪ ያየው ኃይል ተመልሶ ይመታዋል። ስለዚህ ለዚያ ኃይል መተላለፊያ የሚሆን ዳዮድ በኮይሉ ላይ ይደረጋል። ዳዮዱ ከተበጠሰ ትራንዚስተሩ ይቃጠላል። ምክንያቱን የማያውቅ ጠጋኝ ትራንዚስተሩን ብቻ ይለውጣል፤ አዲሱም ይቃጠልበታል። የሚያውቅ ግን አስቀድሞ ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ ኮይሉንና ዳዮዱን በመለኪያ ይመረምራል።

የጂንካ ልጅ ፒንቦልን ባያውቅ እንኳ በሞተር ብስክሌትና በባጃጅ ማስነሻ ውስጥ ያለው ሪሌ የሚሠራው በዚሁ ኮይል ነው። መለዋወጫ ከሩቅ በሚመጣበት በደቡብ ኦሞ የጉዳቱን ምክንያት ማወቅ ገንዘብና ድካም ያተርፋል።

ሄንሪ ሁልጊዜ ቀዳሚነት አልገጠመውም። ማግኔት ኤሌክትሪክ እንደሚወልድ ራሱ ደርሶበት ሳለ፣ እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ አስቀድሞ ስላሳተመ ክብሩ ለፋራዳይ ሆነ። እርሱ ግን ሥራውን አልተወም። ከ1846 ዓ.ም. ጀምሮ በ1878 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ የስሚዝሶኒያን ተቋም የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ነበረ። በ1893 ዓ.ም. የኮይል ጠባይ መለኪያ በስሙ ሄንሪ ተባለ።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ከዚህ መምህር የምንማረው፣ የተቃጠለውን ከመለወጥ በፊት ለምን ተቃጠለ ብለን እንድንጠይቅ ነው።