አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫና የሰዓታት ጸሎት

ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መካከል ስለ ድርሰቱ ብዛትና ስለ ሃይማኖቱ ቅንነት ዳግማዊ ቄርሎስ ተብሎ የተጠራው አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ነው። መጽሐፈ ሰዓታት በተነበበበት፣ የሌሊቱም ምስጋና በተሰማበት ደብር ሁሉ የእርሱ ድካም አለ። ብዙ ሰው ግን ድርሰቱን እየሰማ የደራሲውን ሕይወት አያውቅም፤ ሕይወቱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ የድርሰቱን ምሥጢር ይበልጥ ያስተውላል። ይህ አባት ስለ ጸሎት የጻፈው ነገር ሁሉ አስቀድሞ በወፍጮ ቤት፣ በእስር ቤትና በበዓት የተፈተነ ነውና።

አባ ጊዮርጊስ የተወለደው በ1357 ዓ.ም. ገደማ፣ ሰግላ በተባለ አገር ነው። ስለዚህም ጊዮርጊስ ዘሰግላ እየተባለ ይጠራል። አባቱ ሕዝበ ጽዮን፣ እናቱም እምነ ጽዮን ይባሉ ነበረ። ሕዝበ ጽዮን በንጉሥ ድንኳን ውስጥ ከሚያገለግሉት ካህናት አንዱ ስለ ነበረ ሕፃኑ ከመጽሐፍና ከዜማ አጠገብ አደገ። ዕድሜውም ለትምህርት በደረሰ ጊዜ አባቱ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወስዶ ለእግዚአብሔር ሰጠው።

ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዐ እጅ የቀና፣ ከዚያም ወዲህ የብዙ ቅዱሳንና ሊቃውንት መፍለቂያ የሆነ ገዳም ነው። የዚህ ገዳም አለቃ ዐቃቤ ሰዓት የሚል ማዕርግ ነበረው፤ ትርጓሜውም ሰዓትን የሚጠብቅ ማለት ነው። ኋላ ለቤተ ክርስቲያን የሰዓታትን መጽሐፍ የሚያበረክተው ልጅ ዐቃቤ ሰዓት በሚባል አባት ሥር ማደጉ እግዚአብሔር ነገሩን ከሩቅ ሲያዘጋጅ እንደ ነበረ ያሳስባል።

ነገር ግን መጀመሪያው እጅግ ከባድ ነበረ። ገድሉ እንደሚተርከው ጊዮርጊስ ሰባት ዓመት ያህል በትምህርት ቤት ተቀምጦ ፊደሉ አልያዝ፣ ቃሉም አልገባ አለው። ጓደኞቹ ዳዊት ደግመው፣ ዜማ ቀጽለው ሲያልፉት እርሱ ከነበረበት አልተነቃነቀም። መምህሩ ተስፋ ቆርጦ ልጁን ወደ ቤቱ ሊመልሰው ቢያስብም አባቱ አንድ ጊዜ ለእግዚአብሔር የሰጠውን መልሶ መውሰድ አልወደደም። ለመማር ባይሆን ለማገልገል በገዳሙ እንዲቀመጥ ለመነ። እንዲህ ሆኖ ጊዮርጊስ ከትምህርቱ ጋር ለመነኮሳቱ እህል የሚፈጭ አገልጋይ ሆነ።

በአገራችን ወፍጮ መጅ ይዞ መፍጨት ምን ያህል ጉልበት እንደሚፈጅ እናቶቻችን ያውቁታል። በሞተር የሚፈጭ ወፍጮ ሳይመጣ በፊት ሴቶች ከዶሮ ጩኸት አስቀድመው ተነሥተው የቤታቸውን እንጀራ በክንዳቸው ያወጡ ነበረ። በዚያ ዘመን ፈጪ መሆን እንደ ዝቅተኛ ሥራ ይቈጠር ነበረና የካህን ልጅ ሆኖ በዚያ መዋል የሚያሳፍር ነገር ነው። ጊዮርጊስ ግን ኀፍረቱን ወደ ጸሎት መለሰው። ቀን በወፍጮ ደክሞ ሲውል ሌሊት በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ ልቡናውን እንድትከፍትለት በእንባ ይለምን ነበረ። ልመናው በሳምንት አልተመለሰም፤ በወርም አልተመለሰም። ዓመት ዓመትን ሲተካ እርሱ ግን ከሥራው ወደ ጸሎቱ፣ ከጸሎቱ ወደ ሥራው መመላለሱን አልተወም።

ከዚህ በኋላ እመቤታችን ከመልአኩ ከቅዱስ ዑራኤል ጋር ተገልጣ የልቡና ጽዋ እንዳጠጣችው፣ ከዚያች ቀን ጀምሮም መጽሐፍ ሁሉ እንደ ተገለጠለት ገድሉ ይናገራል። የቤተ ክርስቲያን ልጆች ይህን ታሪክ ሲሰሙ ብዙ ጊዜ ተአምሩን ብቻ ይይዛሉ። ታሪኩ ግን ከተአምሩ በፊት ያለፉትን ሰባት ዓመታት አብሮ ይዟል። ጽዋውን የተቀበለው ሰው የጸሎት ሰዓት ለማግኘት ከሥራው የሸሸ ሰው አልነበረም። ክንዱ በመጅ የዛለ፣ ጎኑ እንቅልፍ የተራበ፣ ልመናውም ሳይመለስለት የቆየ ሰው ነበረ። ስለዚህ ሥራ በዝቶብኛል ብሎ ጸሎትን ለሚያዘገይ ሰውም፣ ለምኜ አልተሰጠኝም ብሎ ልመናውን ለሚያቋርጥ ሰውም የጊዮርጊስ ወፍጮ መልስ ይሰጣል።

ጊዮርጊስ ካደገና ማዕርገ ክህነት ከተቀበለ በኋላ የሊቅነቱ ዝና ወደ ቤተ መንግሥት ደረሰ። ያን ጊዜ የነገሠው ዐፄ ዳዊት ነበረ። ሊቁ የንጉሡን ልጆች እንዳስተማረ፣ ከተማሪዎቹም አንዱ ኋላ የነገሠው ዘርዐ ያዕቆብ እንደ ሆነ ይነገራል። ዘርዐ ያዕቆብ ራሱ የመጻሕፍት ደራሲና የእመቤታችን ወዳጅ ሆኖ መገኘቱ የዚህን መምህር ፍሬ ያሳያል።

ከሁሉ ይልቅ ስሙን ለትውልድ ያስተላለፈው መጽሐፈ ሰዓታት ነው። ከእርሱ በፊት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከግብጽ የመጣውን የሰዓታት ጸሎት ትጠቀም ነበረ። አባ ጊዮርጊስ ግን በግዕዝ ቋንቋ ለሌሊቱና ለቀኑ የሚሆን ሥርዐት አዘጋጀ። ከመዝሙረ ዳዊት ምስባክ አወጣ፤ ከመልእክታትና ከወንጌል ምንባብ መረጠ፤ ለሥላሴ፣ ለእመቤታችን፣ ለመስቀሉና ለመላእክት የሚሆን ምስጋና ደረሰ። ከጊዜ በኋላ ይህ ሥርዐት በየገዳሙና በየደብሩ ተስፋፋ። እስከ ዛሬም በጾመ ፍልሰታ ሌሊት ካህናቱ ሰዓታት ሲቆሙ የሚሰማው ምስጋና የእርሱ ነው።

የሰዓታት ጸሎት ምሥጢሩ ቀኑን ሁሉ የጌታችን መታሰቢያ ማድረግ ነው። ቤተ ክርስቲያን በነቢዩ በዳዊት ልማድ ሰባት የጸሎት ጊዜ ሠርታለች፤ እነርሱም ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። በነግህ ሰው ሌሊቱን በሰላም ያሳለፈውን አምላክ ያመሰግናል። በ3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ መውረዱን ያስባል። በ6 ሰዓት ጌታችን በመስቀል ላይ መዋሉን፣ በ9 ሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ መስጠቱን፣ በ11 ሰዓትም ከመስቀል ወርዶ በመቃብር መኖሩን ያስታውሳል። በንዋም ቀኑን መርምሮ ነፍሱን በእግዚአብሔር እጅ አደራ ይሰጣል፤ በመንፈቀ ሌሊትም ሙሽራውን እንደሚጠብቁት እንደ ልባሞቹ ቆነጃጅት የጌታውን መምጣት ይጠብቃል።

ለኢትዮጵያ ክርስቲያን በዚህ ነገር ልዩ ዕድል ተሰጥቶታል። የሰዓታችን አቈጣጠር ከፀሐይ መውጫ ስለሚጀምር በወንጌል ሦስት፣ ስድስትና ዘጠኝ ሰዓት ተብሎ የተጻፈው በእጃችን ካለው ሰዓት ጋር ይስማማል። ገበሬው ቀትር ሆነ ብሎ በሬውን ሲፈታ፣ ነጋዴው ስድስት ሰዓት ሆነ ብሎ ሱቁን ሲዘጋ፣ ጸሓፊውም ከመሥሪያ ቤቱ ለምሳ ሲወጣ ጌታ የተሰቀለበት ሰዓት መሆኑን ለማሰብ ሌላ ቈጠራ አያስፈልገውም። አባ ጊዮርጊስ በመጽሐፉ የሠራውን ሥርዐት ሙሉውን መፈጸም የካህናትና የመነኮሳት ድርሻ ቢሆንም፣ በየሰዓቱ ጥቂት ቆሞ አቡነ ዘበሰማያትና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን መድገም ግን ከማንም ክርስቲያን ዐቅም በላይ አይደለም።

የአባ ጊዮርጊስ ሕይወት ከሊቅነቱ በኋላም ያለ ፈተና አልቀረም። ቢቱ ከተባለ ሰው ጋር ስለ ሥላሴ ነገር በንጉሥ ፊት ተከራክሮ የቀናውን ሃይማኖት ገለጠ። ነገር ግን በቤተ መንግሥት ክርክር ማሸነፍ ጠላት ማፍራት ነው፤ በክስ ምክንያት ታስሮ መከራ እንደ ተቀበለ ገድሉ ይናገራል። በወጣትነቱ ወፍጮው ያላስተወውን ጸሎት በጎልማሳነቱ ሰንሰለቱ አላስተወውም። ንጉሥ ሲያከብረው የጸለየ ሰው ንጉሥ ሲያስረውም ጸለየ። የጸሎት ሰው የሚታወቀውም እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ደስታ ሲመጣ ማመስገንን፣ መከራ ሲመጣ ማንጎራጎርን ልማዱ ያደረገ ሰው ጸሎቱን ከነፋስ ጋር ያስማማ እንጂ ከአምላኩ ጋር ያስማማ አይደለም።

በዐፄ ይስሐቅ ዘመነ መንግሥትም በ1416 ዓ.ም. ገደማ መጽሐፈ ምሥጢር የተባለውን ታላቅ ድርሰቱን ፈጸመ። በዚህ መጽሐፍ አርዮስንና ንስጥሮስን፣ ሌሎችንም መናፍቃን እየጠቀሰ ስሕተታቸውን ይገሥጻል። መጽሐፉ ግን ለክርክር ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ በበዓላት ቀን በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ሆኖ የተዘጋጀ ነው። በአባ ጊዮርጊስ ዘንድ ሃይማኖትን ማወቅና መጸለይ አይለያዩም ነበረ። ማንን እንደሚለምን የማያውቅ ሰው ልመናው ይሳሳታል፤ ዐውቆ የማይለምን ሰው ደግሞ ዕውቀቱ ይደርቅበታል። ከዚህም ሌላ ውዳሴ መስቀልና ፍካሬ ሃይማኖት የእርሱ እንደ ሆኑ ይነገራል፤ በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የሚጸለየው አርጋኖነ ድንግልም ለእርሱ ይሰጣል። ምእመናን ውዳሴ ማርያምን የሰኞውን በሰኞ፣ የማክሰኞውን በማክሰኞ እያሉ እንደሚያደርሱት ሁሉ አርጋኖንም እያንዳንዱ ዕለት የራሱ ምስጋና እንዳለው ያስተምራል።

አባ ጊዮርጊስ ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ዐረፈ። የበዓሉ መታሰቢያ ከቅድስት ሥላሴ በዓል ጋር በአንድ ቀን ይውላል፤ ስለ ሥላሴ ክብር ሲከራከር ለኖረ ሊቅ ይህ የተገባ ነው። በወሎ ቦረና የሚገኘው የጋሥጫ ገዳም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ምእመናንም በረከቱን ለመቀበል ወደዚያ ይሄዳሉ።

ከዕረፍቱ ወዲህ ስድስት መቶ ዓመት ያህል አልፏል። በዚህ ሁሉ ዘመን ነገሥታት ተለዋውጠዋል፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትም ፈርሰው ዳግመኛ ታንጸዋል። የሰዓታቱ ጸሎት ግን ከአፍ ወደ አፍ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየተላለፈ ሳይቋረጥ ደረሰ። የደረሰውም ሌሊት እንቅልፋቸውን እየተዉ የተማሩትና ያስተማሩት መምህራን ስላልጠፉ ነው። ዛሬ ግን ሰዓታት የሚቆም ካህን በማኅሌቱ ሲደክም ከምእመናን ወገን አብሮት የሚነቃው ጥቂት ነው። በየቤቱም መዝሙረ ዳዊቱ በሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ለበዓል ቀን ብቻ የሚወጣበት ጊዜ አለ። አባቶች አሥሩን መዝሙር አንድ ንጉሥ እያሉ ከፍለው የሰጡት፣ ሁሉን በአንድ ጊዜ መፈጸም ያልተቻለው ሰው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እንዲያደርስ ነበረ።

ደብር ኢዮቤልዩውን ሲያከብር የግንቡን ዕድሜ፣ የአለቆቹን ስምና የንዋየ ቅድሳቱን ብዛት ይቈጥራል፤ ይህም መልካም ነው። በእግዚአብሔር ዘንድ ግን በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የተጸለዩት ሰዓታት ደግሞ ተቈጥረዋል። ሌሊት በመቅደሱ የቆሙት ካህናት ሰዓት አለ፤ ልጇን ታቅፋ ከእሳት ዳር ሆና አቡነ ዘበሰማያትን ያደረሰችው እናት ሰዓትም አለ። እርሻ ሲሄድ በመንገድ ያማተበው ገበሬ፣ በሕመም አልጋ ላይ ሆኖ እመቤታችንን የተማፀነው ድውይም ከዚህ ቈጠራ አልቀሩም። ለወፍጮ ቤቱ አገልጋይ ለጊዮርጊስ ጥበብን የሰጠ አምላክ የእነዚህንም ድካም አይረሳም።

የአባ ጊዮርጊስ ጸሎትና በረከት፣ የእመቤታችንም አማላጅነት ከምእመናን ሁሉ ጋር ይሁን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።