ተራራን ችካል አድርጎ አገራችንን የለካው አንቷን ዳባዲ

በባምቢስም ሆነ በካዛንቺስ ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠ ሰው የወሰን ክርክር ጎረቤትን ምን ያህል እንደሚያቀያይም ያውቃል። ችካሉ ተነቀለ፣ አልተነቀለም እየተባባልን ቡና መጠራራት ይቀራል። ለመሆኑ አገር የሚያህለውን ነገርስ ማን በምን ለካው? ከቀዳሚዎቹ አንዱ አንቷን ዳባዲ ነው።

ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1810 በአየርላንድ ደብሊን ከተማ ከፈረንሳዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለደ፤ ያደገው ግን ፈረንሳይ ነው። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ደረሰ። አርኖ ጎጃም ገብቶ የደጃዝማች ጎሹ ወዳጅ ሲሆን፣ አንቷን መሣሪያውን ይዞ ከጎንደር እስከ ካፋ ዞረ። በዚህ ሥራ አሥር ዓመት ያህል ቆየ።

ያን ጊዜ የተተከለ የቅየሳ ድንጋይ የት አለና! ችካሉ ተራራው ራሱ ነበር። ከአንዱ ጫፍ ላይ ቆሞ በቴዎዶሊት የሌሎቹን ጫፎች ማዕዘን ይለካል፤ ወደሚቀጥለው ይወጣና መልሶ ያየዋል። በፀሐይና በከዋክብትም ያመሳክራል። ሁሉንም ይጽፋል።

ይሁን እንጂ ስሕተትም አላጣውም። በጥር 1846 ግቤ ምንጭ ላይ የነጭ ዓባይን መነሻ አገኘሁ ብሎ የፈረንሳይን ባንዲራ ተከለ። ግቤ እኮ የሚገባው ኦሞ ነው፤ ኦሞም ቱርካና ሐይቅ ላይ ያበቃል። ዳባዲ ወንዙን እስከ መጨረሻው ሳይከተል ለብዙ ዓመት ተሟገተለት።

የለካው ግን አልጠፋም። የኢትዮጵያን ቅየሳ ከ1860 እስከ 1873 አሳተመ፤ በ1881 ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍታችንንም ሰብስቦ ወስዷል፤ ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። በፈረንሳይና በእስፓኝ ወሰን አጠገብ፣ አንዳይ በምትባል ከተማ ባሠራው ግንብ ግድግዳ ላይ አማርኛ ጽፎበታል። በ1897 ሲሞት ልጅ ስላልነበረው ግንቡ በኑዛዜው ለፈረንሳይ የሣይንስ አካዳሚ ተላለፈ።

እኛም ከዚህ ሰው ሁለቱንም እንማር። ለክቶ የጻፈው ቆመ፤ ሳይከተል የማለለት ወደቀ። እንግዲህ ወሰን ሲያከራክረን አስቀድመን ገመዱን እንዘርጋ፣ በመዝገብ እናስፍር፤ መሐላው በኋላ ይደርሳል። ነገ ቀብር የሚያወጣን ያው የተጣላነው ጎረቤት ነውና።

ላለፉት አባሎቻችን ነፍስ ይማር።